የድሮ የሩሲያ የብር ዋንጫ ሲገዙ የሚሠሩ ስህተቶች

ፈርጥ ያለው የድሮ የሩሲያ ዋንጫ ለጨረታ ሲወጣ ብዙ ሰው ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ይቀራል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን "በማን በማን እጅ አለፈ?" የሚለው ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትልቁ ስህተት የሻጩን ወሬ እንደ ማስረጃ መቀበል ነው። "የዛሩ ቤተሰብ ንብረት ነበር" ለማለት አፍ ብቻ ይበቃል። እውነተኛ ማስረጃ ምን እንደሚመስል ለማየት ጀርመን፣ ድሬስደን ያለው የሩሲያው ዛር (ንጉሥ) የአስፈሪው ኢቫን ኮቭሽ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኮቭሽ ጀልባ የሚመስል፣ ባለ አንድ እጀታ የማር ጠጅ መጠጫ ነው። ይኼኛው የወርቅ ነው። ወርቁ በ1563 የፖሎትስክ ከተማ ሲያዝ የተማረከ መሆኑ እዚያው ዕቃው ላይ ተጽፏል። በኋላም ታላቁ ጴጥሮስ ለሳክሶኒው ገዢ ለአውግስጦስ ሰጠው። ሰጪውም ተቀባዩም ይታወቃሉ።

ሁለተኛው 1917ን ዘሎ ማለፍ ነው። ከአብዮቱ በኋላ መንግሥት የባለጸጎችን ንብረት ወርሶ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ለውጭ ምንዛሪ ሲል ሸጧል። የአሜሪካ አምባሳደር ሚስት የነበረችው ማርጆሪ ሜሪዌዘር ፖስት በ1937 እና በ1938 ሞስኮ ሆና ብዙ ገዝታለች፤ ስብስቧ ዛሬ ዋሽንግተን፣ ሂልዉድ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። ስለዚህ "ያኔ ከሞስኮ ወጣ" የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ደረሰኝ፣ የድሮ ካታሎግ ወይም ፎቶ ይጠይቁ። ከ1933 እስከ 1945 አውሮፓ ከነበረ ደግሞ አጥብቀው ይጠይቁ። ናዚዎች ከአይሁድ ቤተሰቦች የዘረፉትን ወራሾቹ ዛሬም ይፈልጉታል።

"84" የሚለውን ማህተም እንደ ዓመት ማንበብም አለ። የብሩ ጥራት ነው፤ ከ96 እጅ 84ቱ ንጹህ ብር ማለት ነው፣ 87.5 በመቶ። ዋንጫው ላይ የተተከለ የሩሲያዋ ንግሥት የካትሪን የሩብል ሳንቲምም ዕድሜውን አይነግርዎትም። ታዋቂው የሩሲያ ጌጣጌጥ ሠሪ ፋበርዤ ራሱ የድሮ ሩብል እየተከለ ዕቃ ይሠራ ነበር። በነገራችን ላይ፣ የፋበርዤ ማህተም በብዛት ፎርጂድ ይሠራል፤ ዋንጫው የእውነት የድሮ ሆኖ ማህተሙ ብቻ በኋላ የተመታበት አለ።

ድንጋዩን በማጉያ መነጽር ይዩት። ሩቢው ውስጥ የተጠማዘዙ ቀጫጭን መስመሮች ካሉ ሰው ሠራሽ ነው። "የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው" ከተባለ ቢያንስ ድንጋዩ ተቀይሯል።

ሳያስመረምሩ አይወልውሉት። የወርቅ ቅቡ ይነሳል፣ ማህተሙ ይደበዝዛል። ከሥሩ በቀይ ቀለም የተጻፈች የሙዚየም ቁጥር ካለችም አብራ ትጠፋለች።