አፕል ለተወው አሮጌ ማክ የሚስማማ ኤስኤስዲ እንዴት እንደሚመረጥ

የ2014 ማክቡክ ፕሮ አላችሁ እንበል። ስክሪኑ ዛሬም ያምራል፣ ኪቦርዱም ምንም አልሆነም፣ አፕል ግን ቢግ ሰር በሚባለው የማክኦኤስ (የማኩ ሲስተም) እትም ላይ አቁሞታል። እናንተ ደግሞ ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከዚያ በኋላ የመጡትን ሶኖማ ወይም ሴኮያ ልትጭኑበት አስባችኋል። 128 ጂቢው ዲስክ ሞልቷል፣ ስለዚህ በዚያው ይቀየር ብላችኋል። ጥሩ። ግን የመጀመሪያውን ርካሽ ወይም የመጀመሪያውን ፈጣን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ከመግዛታችሁ በፊት ቆም በሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በይፋ በማይደገፍ ሲስተም ላይ ማሽኑ ድንገት ሲጠፋ ወይም ከእንቅልፍ አልነሳ ሲል ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ከባድ ነው፤ ፓቹ (ፓቸሩ ሲስተሙ ላይ የሚያደርገው ለውጥ) ነው፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው፣ ዲስኩን ከማኩ ማስገቢያ ጋር የሚያገጣጥመው አዳፕተር ነው ወይስ ዲስኩ? አፕልም በዚህ ጉዳይ አይረዳችሁም። ስለዚህ ዲስኩን ከተጠርጣሪዎቹ መሃል የሚያስወጣ ምርጫ ነው የሚያስፈልገው፤ ፈጣኑን ሳይሆን በዚያው ሞዴል ላይ ብዙ ሰው የተጠቀመበትንና ክፉ ወሬ የሌለበትን።

ደረጃ 1፦ ሞዴሉን በትክክል እወቁ

“ማክቡክ ፕሮ 13 ኢንች፣ የ2013” ማለት አይበቃም። ከላይ በግራ ያለችውን የፖም ምልክት ተጫኑ፣ ስለ ማኩ የሚናገረውን የመጀመሪያውን መስመር ክፈቱ፣ ከዚያ ሲስተም ሪፖርት ውስጥ ግቡ። “ሞዴል አይደንቲፋየር” የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ቁጥሩን ጻፉት።

ለምን እንዲህ አጠበቅሁት? የ2013 መጀመሪያው ባለ 13 ኢንች ሬቲና ማክቡክ ፕሮ 10,2 ነው። የ2013 መጨረሻው ደግሞ 11,1 ነው። ከውጭ ስታዩዋቸው አይለዩም፣ ሻጩም ሁለቱንም “የ2013” ነው የሚላቸው። ውስጣቸው ግን ሌላ ነው፤ የአንዱ ዲስክ ሌላኛው ላይ አይገባም።

ደረጃ 2፦ ማስገቢያው የትኛው ነው?

ሲዲ ማጫወቻ ያላቸው ወፍራሞቹ ማክቡክ ፕሮዎች፣ ማለትም እስከ 2012 አጋማሹ ሞዴል ድረስ ያሉት፣ ሳታ በሚባለው የቆየ መንገድ የሚገናኘውን ተራውን ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ነው የሚወስዱት። ይሄ ከሁሉም የቀለለው ነው፤ ታዋቂ የሆነ ሳታ ኤስኤስዲ ገዝታችሁ ትከታላችሁ፣ አለቀ። አንድ ጣጣ ብቻ አለ። በተለይ የ2012ቱ ባለ 13 ኢንች ውስጥ ዲስኩን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ስስ ኬብል ቶሎ የመበላሸት ልማድ አለው። አዲሱ ኤስኤስዲ አልታይ ካለ፣ ጭነቱ መሃል ላይ ከቆመ፣ ወይም ማሽኑ ከድሮው ሃርድ ዲስክ ብሶ ከተንቀራፈፈ ዲስኩን ለመመለስ አትሩጡ። መጀመሪያ ዲስኩን በዩኤስቢ ሳጥን ከውጭ ሰክታችሁ አስነሱት። ከውጭ በደንብ ከሰራ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው፣ እሱን ብቻ ቀይሩ።

የ2012 ሬቲና ማክቡክ ፕሮ፣ የ2013 መጀመሪያው ሬቲና እና የ2012 ማክቡክ ኤር ቀጭን ኤስኤስዲ አላቸው። ማስገቢያው የአፕል የራሱ ነው፣ የሚናገረው ቋንቋ ግን ሳታ ነው። እዚህ ኤም.2 በሚባለው ቀጭን ቅርጽ የተሰራ ሳታ ኤስኤስዲ በአዳፕተር ይሰራል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱና ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት ግን በምንም ተአምር አይሰራም። አዳፕተሩ ገጥሞ ዲስኩ ቢገባ እንኳ ማኩ አያየውም።

ከ2013 መጨረሻ እስከ 2015 የወጡት ሬቲና ማክቡክ ፕሮዎችና ከ2013 እስከ 2017 የወጡት ማክቡክ ኤሮች ደግሞ ፒሲአይኢ በሚባለው ከሳታ የፈጠነ መንገድ ነው የሚሰሩት። በዚህ ጽሁፍ ከዚህ በኋላ በዋናነት የማወራው ስለነዚህ ነው፤ ምርጫውም ችግሩም ያለው እዚህ ነው። ኤም.2 ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ በትንሽ አዳፕተር ይወስዳሉ።

ከኪቦርዱ በላይ ቀጭን የንክኪ ስክሪን ያላቸው ባለ ተች ባሮቹ ማክቡክ ፕሮዎች፣ እንዲሁም ባለ 12 ኢንቹ ማክቡክ፣ ዲስካቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እነሱን ከውጭ በሚሰካ ዲስክ ካልሆነ በቀር መርዳት አይቻልም።

ደረጃ 3፦ ከመክፈታችሁ በፊት ፈርምዌሩን አሻሽሉ

ሰው የሚዘለው ደረጃ ይሄ ነው፣ ብዙ ጭንቀት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ማኩ ገና ሲበራ፣ ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚሰራ ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ቦርዱ ላይ አለ። የ2013 እና የ2014 ሞዴሎች ሲወጡ ይህ ፕሮግራም ከኤንቪኤምኢ ዲስክ መነሳትን አያውቅም ነበር፤ የአፕል ዲስኮች ያኔ በሌላ መንገድ ነበር የሚሰሩት። ኋላ በ2017 ሃይ ሴራ የሚባለው ማክኦኤስ ሲመጣ አብሮት በመጣ ማሻሻያ ነው የተማረው። ማሻሻያው የሚገባው ከማክኦኤስ ጭነት ጋር ነው። ፓቸሩ ይህን አያደርግላችሁም።

ስለዚህ ኦሪጅናሉ የአፕል ዲስክ ውስጥ እንዳለ ሆኖ አፕል ለማሽኑ በይፋ የፈቀደውን የመጨረሻውን ሲስተም ጫኑ። ለ2013 መጨረሻና ለ2014 ማክቡክ ፕሮ ቢግ ሰር ነው፣ ለ2015 ደግሞ ሞንተሬይ። ማሻሻያዎቹን ሁሉ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ነው ካቻቢቴ የሚነሳው።

በዚያው ባክአፕ አድርጉ፣ የምትጭኑበትን ፍላሽም አዘጋጁ። 32 ጂቢ ፍላሽ ይበቃል። ፍላሹን “ዲስኩን ከቀየርኩ በኋላ በኢንተርኔት ሪከቨሪ አደርገዋለሁ” ብላችሁ አታቆዩት። በ2013 ሞዴል ላይ ይህ ሲስተሙን ከአፕል በኢንተርኔት የሚያወርደው መንገድ ማሽኑ ሲወለድ የነበረውን ሲስተም ሊያመጣላችሁ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ኤንቪኤምኢ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ዲስኮችን የሚያሳየውን የማኩን ፕሮግራም፣ ዲስክ ዩቲሊቲን፣ ትከፍታላችሁ፣ አዲሱ ዲስክ የለም፣ የተበላሸ ዕቃ የተሸጠላችሁ ይመስላችኋል። ዲስኩ ግን ምንም አልሆነም።

ደረጃ 4፦ ዲስኩን ምረጡ

ፍጥነቱን እርሱት። የነዚህ ማሽኖች አብዛኞቹ ሁለተኛው ትውልድ ፒሲአይኢ ናቸው፤ አራቱም የፒሲአይኢ መስመር ቢሰራ እንኳ በሴኮንድ ከ2000 ሜጋባይት በላይ ማለፍ አይችልም፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ ያንሳል። 7000 የተጻፈበትን የአራተኛ ትውልድ ኤስኤስዲ መክተት ይቻላል፣ ይሰራልም፣ ግን የከፈላችሁበትን ፍጥነት አታዩትም። ሙቀቱና የባትሪ ፍጆታው ግን ይተርፋችኋል። የሶስተኛ ትውልድ መካከለኛ ዲስክ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ስለ ኮንትሮለር። ኤስኤስዲ ውስጥ ሁሉን የሚያዘው ቺፕ እሱ ነው፣ ከማክኦኤስ ጋር የሚጣላውም እሱ ነው። ሳምሰንግ ፒኤም981 የሚባለው፣ ከዊንዶውስ ላፕቶፖች ተነቅሎ በርካሽ የሚሸጠው፣ በማክኦኤስ ላይ ከርነል ፓኒክ (ሲስተሙ ድንገት ወድቆ ማሽኑ ዳግም የሚነሳበት ችግር) በማምጣት የታወቀ ነው። ፒኤም991 እና ማይክሮን 2200ም ስማቸው ጥሩ አይደለም። በነገራችን ላይ ከሌላ ላፕቶፕ የተነቀለ ዲስክ ሁሉ ያጠራጥረኛል፤ የዲስኩን የራሱን ፈርምዌር ማሻሻያ የሚያወጣው ላፕቶፑን የሰራው ድርጅት ስለሆነ እናንተ ጋ የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው።

ሳምሰንግ 970 ኢቮ ፕላስ ለየት ያለ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ሲወጣ ማኮች ላይ ፓኒክ ያደርግ ነበር፣ ሳምሰንግ በፈርምዌር አስተካከለው። ቢሆንም ብዙዎቹ የሳምሰንግ ኤንቪኤምኢ ዲስኮች ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ባዶ ቦታ ሲያጸዱ ረጅም ጊዜ ስለሚወስዱ፣ በአዳዲሶቹ ማክኦኤሶች ላይ የፖሟ ምልክት ስር ያለው መስመር ቆሞ ቆሞ ይሰለቻችኋል። ዲስኩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለዚህ ስራ ግን እኔ አልገዛውም።

ታዲያ የቱ ይገዛ? የዌስተርን ዲጂታል ኤስኤን550፣ ኤስኤን570 እና ኤስኤን750 በአሮጌ ማኮች ላይ ብዙ ሰው የተጠቀመባቸው ናቸው። የክሩሻል ፒ1 እና የኪንግስተን ኤ2000ም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱን አዲስ ማግኘት ካልቻላችሁ የምታዩትን ዲስክ ስም ከሞዴል ቁጥራችሁ ጋር አድርጋችሁ ፈልጉ፣ ሰዎች ስለ እንቅልፍና ስለ ፓኒክ ምን እንደሚሉ አንብቡ። “ፈጣን ነው፣ ወድጄዋለሁ” የሚለው አስተያየት ለእናንተ ምንም አይጠቅምም፤ “ሁለት ወር ሆነኝ፣ ክዳኑን ዘግቼ አድራለሁ፣ ችግር የለም” የሚለውን ነው የምትፈልጉት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ተንኮል አለ። ድርጅቶች የዲስኩን ስም ሳይቀይሩ የውስጡን ዕቃ ይቀይራሉ። በ2021 ኤስኤን550ም፣ ክሩሻል ፒ2ም፣ 970 ኢቮ ፕላስም በዚህ ተነቅፈዋል። ስለዚህ የድሮ አስተያየት አንብባችሁ ስትገዙ መመለስ የሚቻልበት ቦታ ግዙ።

ቀሪው ቀላል ነው። ርዝመቱ 2280 የሚባለው ይሁን። ቺፖቹ በአንድ ጎን ብቻ የተደረደሩበትን ምረጡ፣ ምክንያቱም አዳፕተሩ ከፍታ ይጨምራል፣ የጀርባ ክዳኑ ደግሞ ቦታ አይሰጥም። ብረት ማቀዝቀዣ የተለጠፈበትን አትግዙ፣ አይገባም። መጠኑ ከ500 ጂቢ ባያንስ ጥሩ ነው። ፈርምዌር ማሻሻያ ካለው ደግሞ ማኩ ውስጥ ሳይገባ በፊት ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ጨርሱት፤ የማሻሻያ ፕሮግራሞቹ አብዛኞቹ ለዊንዶውስ ነው የተሰሩት።

“መጀመሪያ በዩኤስቢ ሳጥን ልሞክረው” የሚል ሐሳብ ይመጣላችሁ ይሆናል። ዲስኩ በሕይወት መኖሩን ለማየት ጥሩ ነው። ከማኩ ጋር መስማማቱን ግን አያሳይም። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ቺፕ ዲስኩን ለማኩ ተራ የዩኤስቢ ዲስክ አስመስላ ነው የምታቀርበው፣ ስለዚህ የሚያጣላው ክፍል ጨርሶ አይነካም።

ደረጃ 5፦ አዳፕተሩና መግጠሙ

አዳፕተሩ ላይ አትሰስቱ። የሲንቴክ ምርቶች የታወቁ ናቸው። በጣም ርካሾቹ ላላ ብለው ይቀመጡና ላፕቶፑ ትንሽ ሲነቃነቅ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ከዚያ ማሽኑ ሲነሳ የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ብቻ ታያላችሁ።

የጀርባ ክዳኑ ብሎኖች ባለ አምስት ቅጠል ናቸው፣ ፒ5 የሚባለው ካቻቢቴ ይፈታቸዋል። የዲስኩ ብሎን ደግሞ ቲ5 ነው። ክዳኑ ሲነሳ መጀመሪያ የባትሪውን ኬብል ንቀሉ። አዳፕተሩን ዲስኩ ላይ ግጠሙና አንድ ላይ አግድም ወደ ማስገቢያው ግፏቸው። እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ የወርቃማዎቹ ጥርሶች ጠርዝ በሰፊው ከታየ ገና ነው። ብሎኑን እስኪጠብቅ ብቻ እሰሩ፣ አታስጨንቁት።

ደረጃ 6፦ ፎርማትና ጭነት

ከፍላሹ ተነስታችሁ ዲስክ ዩቲሊቲ ስትከፍቱ ከላይ “ቪው” የሚለውን ተጭናችሁ ሁሉም ዲቫይሶች እንዲታዩ አድርጉ። ከዚያ ከላይ ያለውን ዋናውን ዲስክ እንጂ ከስሩ የተጻፈውን ቮልዩም አትምረጡ። ፎርማቱ ኤፒኤፍኤስ፣ ስኪሙ ጂዩአይዲ ይሁን።

በፓቸሩ ቅንብሮች ውስጥ የኤንቪኤምኢ ፓወር ማኔጅመንትን የሚመለከት ምርጫ አለ። የአፕል ላልሆነ ዲስክ አብሩት፤ ዲስኩ ስራ ሲፈታ ኃይል እንዲቆጥብ ያደርገዋል። ከጭነቱ በኋላ ማሽኑን የሚያስነሳውን የፓቸሩን ክፍል፣ ኦፕንኮሩን፣ ከፍላሹ ወደ ውስጥ ዲስክ ማዛወርን አትርሱ፣ ካልሆነ ፍላሹ ሲነቀል ማሽኑ አይነሳም።

ደረጃ 7፦ ፈትኑት

ሲስተም ሪፖርት ውስጥ ኤንቪኤምኤክስፕረስ የሚለውን ክፈቱ። ትሪም (ሲስተሙ የተሰረዙ ቦታዎችን ለኤስኤስዲው የሚነግርበት አሰራር) መብራቱን፣ የመስመሩ ስፋት የስንት እንደሆነ እዩ። አራት መሆን ያለበት ማሽን ላይ ሁለት ወይም አንድ ካለ አዳፕተሩ በደንብ አልተቀመጠም ማለት ነው። ሳታ ዲስክ ለገጠማችሁ ደግሞ ትሪም ብቻውን አይበራም፤ ትሪምፎርስ በሚባለው የተርሚናል ትእዛዝ እናንተ ናችሁ የምታበሩት።

ዋናው ፈተና ግን እንቅልፍ ነው። አንድ የጽሁፍ ፋይል ከፍታችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ክዳኑን ዝጉና አሳድሩት። ጠዋት ስትከፍቱት ወዲያው ከነቃና ፋይሉ ካለበት ከተገኘ ጥሩ ነው። “ኮምፒውተሩ በችግር ምክንያት ዳግም ተነስቷል” የሚል መልእክት ካያችሁ፣ በተለይ በ2013 እና በ2014 ሞዴሎች ላይ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሃይበርኔሽን፣ ማለትም ማሽኑ የያዘውን ስራ ዲስክ ላይ ጽፎ ኃይል የሚያጠፋበት ጥልቅ እንቅልፍ ነው። በተርሚናል ፒኤምሴት በሚባለው ትእዛዝ ሃይበርኔት ሞድን ዜሮ አድርጉ፣ ከቆይታ በኋላ ወደዚያው ጥልቅ እንቅልፍ የሚያስገባውን ስታንድባይንም አጥፉ። ይህ ዋጋ አለው፤ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ካለቀ ሴቭ ያላደረጋችሁት ስራ ይጠፋል፣ ተዘግቶ ሲያድርም ባትሪው ትንሽ በፍጥነት ይወርዳል።

ይህን አድርጋችሁም ፓኒኩ ከቀጠለ ዲስኩን አውጡና ኦሪጅናሉን መልሳችሁ ያንኑ ሲስተም ጫኑበት። ፓኒኩ ከጠፋ አዲሱ ዲስክ ወይም አዳፕተሩ ነው፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ መልሱት። ካልጠፋ ፓቹን መርምሩ። ለዚህም ሲባል፣ ወደፊት ፈርምዌር ማሻሻል ቢያስፈልግም፣ የአፕሉን ዲስክ አትሽጡት።