ስለ ሶሉሽንና ሶሉቢሊቲ ስትማሩ ልትጠነቀቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ሶሉሽን (አንድ ነገር በሌላው ሟሙቶ የሚፈጥረው ወጥ ድብልቅ) በሚወጡ የፈተና ጥያቄዎች ተማሪ ነጥብ የሚጥለው በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው፦ «ምን ያህል ይሟሟል?» እና «ምን ያህል ቶሎ ይሟሟል?» የሚሉትን ይደበላልቃል። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

ፍጥነትን ከመጠን ጋር ማምታታት

ሶሉቢሊቲ ማለት የተወሰነ ውሃ ወይም ሌላ አሟሚ በተወሰነ ሙቀት ሊያሟሟው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው። «ሶሉቢሊቲን የሚጨምሩ ነገሮችን ጥቀሱ» ሲባል ብዙዎች ማማሰል፣ መፍጨት፣ ማሞቅ ብለው ይጽፋሉ። ማማሰልና መፍጨት ግን ሶሉቢሊቲን ንክች አያደርጉትም። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 36 ግራም ገደማ የምግብ ጨው ያሟሟል። 50 ግራም ጨምራችሁ ቀኑን ሙሉ ብታማስሉት እንኳ 14 ግራም ያህሉ ከታች ይቀራል። መፍጨት ውሃው የሚያገኘውን የጨው ገጽ ያሰፋል፤ ማማሰል ደግሞ በጨዉ ዙሪያ የጠገበውን (ከዚያ በላይ ማሟሟት የማይችለውን) ውሃ ገፍቶ ያልጠገበውን ያመጣል። ሁለቱም ወደ ጣሪያው ቶሎ ያደርሳሉ እንጂ ጣሪያውን ከፍ አያደርጉም። ጣሪያውን የሚወስኑት የሟሚው (የሚሟሟው ነገር) እና የአሟሚው (የሚያሟሟው) ባሕርይ፣ ሙቀት፣ ለጋዝ ደግሞ ግፊት ናቸው።

ከታች የቀረው ጨውም ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። በየቅጽበቱ ከእሱ የሚሟሟውና ተመልሶ የሚረጋው እኩል ስለሆነ ብቻ ነው የማይጎድለው። ጫፉ የተሰበረ የኮፐር ሰልፌት ክሪስታል በራሱ የጠገበ ሶሉሽን ውስጥ አንጠልጥላችሁ፣ ዕቃውን ከድናችሁ ሙቀቱ ሳይለዋወጥ ብታቆዩት ስብራቱ ቀስ በቀስ ይሞላል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ኢኩሊብሪየም የሚባለውን ነገር ገባው ማለት ነው።

«ሙቀት ሲጨምር ሁሉም የበለጠ ይሟሟል» ማለት

ፖታሲየም ናይትሬትን ካየን እውነት ነው፦ በ0 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ 13 ግራም ያህል ያሟሟል፤ በ100 ዲግሪ ከ240 ግራም በላይ። የምግብ ጨው ግን በዚያው ርቀት ከ36 ግራም ገደማ ወደ 39 ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ጭራሽ ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ 0.17 ግራም ገደማ የነበረው ውሃው ሲፈላ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ይህ ልዩነት በተግባርም ይታያል። በአፋር ክልል አፍዴራ ላይ ጨው የሚመረተው ጨዋማውን ውሃ ኩሬ ውስጥ አስገብቶ በፀሐይ እንዲተን በማድረግ ነው። ትኩስ የጨው ውሃ ማቀዝቀዝ ብዙም ጨው አያስገኝም፤ ውሃው ራሱ መሄድ አለበት። ፖታሲየም ናይትሬት ቢሆን ግን ማቀዝቀዝ ብቻ ይበቃ ነበር።

ጋዝን እንደ ጠጣር ማሰብ

ጋዝ ውሃው ሲሞቅ ያመልጣል። በ0 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ ከአየር 14.6 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ። ግፊት በጠጣር ላይ ለውጡ ከቁጥር አይገባም፤ በጋዝ ላይ ግን ወሳኝ ነው። የአምቦ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት የሚንተከተከው ግፊቱ ስለወረደ ነው፤ ሞቅ ያለ ከሆነማ ይገነፍላል።

የጠገበ ሁሉ ብዙ ሟሚ የያዘ ይመስላል

አይደለም። የጠገበ የኖራ ውሃ (የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሶሉሽን) በሊትር 2 ግራም እንኳ አይሞላም።

ለ1 ሞላር ሶሉሽን 1 ሊትር ውሃ መጨመር

ሞላሪቲ (በአንድ ሊትር ሶሉሽን ውስጥ ያለው የሟሚ ሞል ብዛት) የሚሰላው በሶሉሽኑ ይዘት (ቮሉም) እንጂ በውሃው አይደለም። 58.5 ግራም (1 ሞል) ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማለትም የምግብ ጨው፣ መዝናችሁ መጀመሪያ በጥቂት ውሃ አሟሙት፤ ከዚያ የ1 ሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ (አንገቱ ላይ የይዘት መስመር ያለው ጠርሙስ) ውስጥ ገልብጡት፤ ዕቃውን አለቅልቃችሁ እጣቢውንም ጨምሩበት። በመጨረሻ ዓይናችሁን ከመስመሩ ትክክል አድርጋችሁ፣ የውሃው ጎድጎድ ያለ ግርጌ መስመሩን እስኪነካ በጠብታ ሙሉት። ይዘት ዝም ብሎ አይደመርም፤ 50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ሲቀላቀሉ 97 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚሆኑት።

«አዮኒክ ውሁድ ሁሉ ውሃ ውስጥ ይሟሟል» ማለት

አዮኒክ ውሁድ የተሠራው አዮን ከሚባሉ፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ካላቸው ቅንጣቶች ነው። አዮኖቹ እርስ በርስ የተያያዙበት ኃይል ውሃ ከሚስባቸው ከበለጠ አይላቀቁም። ባሪየም ሰልፌት እንዲህ ነው። የባሪየም አዮን መርዝ ሆኖ ሳለ፣ ሐኪሞች አንጀት በኤክስሬይ ጎልቶ እንዲታይ ባሪየም ሰልፌትን ለታካሚ የሚያጠጡት ስለማይሟሟ ነው፤ እንደገባ ይወጣል። ባሪየም ክሎራይድ ግን በደንብ ስለሚሟሟ ሰው ይገድላል።