ወደ ኋንግሺ የማዕድን ፓርክ ለምትሄዱ
በቻይና ሁቤይ ክፍለ ሀገር የሚገኘውን የኋንግሺ ብሔራዊ የማዕድን ፓርክ ለመጎብኘት ያሰባችሁ፣ በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ሥፍራዎች እንዳሉ ከመነሣታችሁ በፊት ልብ በሉ። አንደኛው በቲየሻን የሚገኘው የዳዬ ብረት ማዕድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890 በቺንግ ሥርወ መንግሥት ባለሥልጣኑ በዣንግ ዢዶንግ አነሣሽነት የተከፈተ ሲሆን፣ ከመመልከቻው ሰገነት ወደ ታች ሲያዩት ከ400 ሜትር በላይ የሚጠልቀው ግዙፍ ጉድጓድ ይታያል። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1973 የተገኘው ቶንግሉሻን ነው፤ በዚያ የጥንት ማዕድን ቆፋሪዎች ከሦስት ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ መዳብ ለማውጣት በእንጨት ደግፈው የሠሯቸው ጠባብ ዋሻዎች ይገኛሉ። ታክሲ ስትይዙ የምትሄዱበትን ሥፍራ በቻይንኛ ጽፋችሁ ለሹፌሩ አሳዩት፤ «የማዕድን ፓርክ» ማለት ብቻ አይበቃም።

በእኔ አስተያየት ቶንግሉሻንን ሳያዩ መመለስ ጉዞውን ግማሽ ያደርገዋል፤ ጉድጓዱ ያስደንቃል፣ የጥንቶቹ እንጨቶች ግን ከዚያ ይበልጣሉ። በሚያዝያ አጋማሽ ከሄዳችሁ፣ ከብረት ማዕድኑ ቁፋሮ በተረፈው የድንጋይ ቁልል ላይ የተተከሉት የሮቢኒያ ዛፎች ነጭ አበባ ያወጣሉ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ስለሚከብድ ውሃና ኮፍያ ያዙ፤ ለባቡር ትኬት ደግሞ ፓስፖርታችሁ ከእጃችሁ አይለይ።