የአፍሪካ ቀንድን በኮምፔንሳቶ ላይ መሥራት፦ ለድሬዳዋ የጂኦግራፊ ክፍል

ተማሪዎች የቀንዱን ባሕረ ገብ መሬት ሲሠሩ መሐሉን አሳብጠው ዳር ዳሩን እኩል ያዘቀዝቁታል፤ ድፎ ዳቦ ይመስላል። መሬቱ ግን ያጋደለ ነው። በሰሜን፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል፣ ገደል ነው፤ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሳይታወቅ ይወርዳል። በደንገጎ ዳገት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የወጣ ልጅ ገደሉ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም።

62 በ62 ሴንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ አስቆርጡ፤ እንዳይጣመም ጀርባውን ቀለም ቀቡት። ፊቱን በሙሉ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ካርቶን ሸፍኑ፤ የባሕር ወለል እሱ ነው። 11 በ11 አድርጋችሁ ባለ 5.5 ሴንቲ ሜትር ካሬዎች አስምሩበት። አንዱ ካሬ 1 ዲግሪ ነው፣ 1 ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ግድም። የግራው ጠርዝ 41 ዲግሪ ምሥራቅ፣ የታችኛው 2 ዲግሪ ሰሜን ይሁንና የባሕሩን ዳርቻ ከአትላስ ካሬ በካሬ ገልብጡ።

ለከፍታ 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ይሁን። 40 እጥፍ መጋነኑን ጠርዙ ላይ ጻፉት፤ ባይጋነን ሐረር እንኳ 1 ሚሊ ሜትር አትሞላም። ሚስማር መትታችሁ ለድሬዳዋ 2.4፣ ለሐረር 3.8 ሴንቲ ሜትር ከካርቶኑ በላይ አስቀሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ገደሉ ራሱ ይወጣል።

ጋዜጣ ቀዳዳችሁ ውሃ ውስጥ አሳድሩና ጨምቁት፤ 1 ኩባያ ዱቄት በ4 ኩባያ ውሃ አብስላችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ለውሱበት። እስከ ሚስማሮቹ ጫፍ ስትሞሉ በአንዴ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አትደልድሉ። የድሬ ፀሐይ ላይ ከወጣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ይሰነጠቃል፤ ነፋስ ባለው ጥላ ይድረቅ።

የጅቡቲው አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ስለሚል፣ ካርቶኑን ባቄላ በምታህል ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ጎድጉዱ። ከሰሜኑ ገደል ሥር ላለው ለጠባቡ የጉባን ሜዳ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ነፍታችሁ ሙጫ ላይ በትኑ። ደቻቱን ራሱን ግን እስከ ባሕር አትሳቡት፤ በረሃው ላይ ይቀራል። ዋቢ ሸበሌም ከሞቃዲሾ በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ ከባሕሩ ጎን ለጎን ይሄዳል እንጂ ቀጥ ብሎ አይገባም።

የምሥራቁ ጫፍ ራስ ሐፉን እንጂ ራስ አሲር አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ግድም ብቻ ስለሆነ ስሙን ጻፉበት፤ ሐፉንን ከዋናው መሬት ጋር የሚያገናኘው ቀጭን የአሸዋ ልሳን ስለሆነ፣ በክር ስፋት ብቻ አሸዋ አስነኩት።