መጀመሪያ ኮቴውን ያንሳ

ቢሾፍቱ ውስጥ ጋሪ እየነዳሁ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ሰው ማመላለሱ ቀረብኝ። ሁለቱን ፈረሶቼን ግን አልሸጥኳቸውም፤ ጠዋት ጠዋት ዕቃ እንጭንባቸዋለን። ከሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆች ይመጣሉ። ትምህርት ያቋረጠ አለ። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ከአፉ ቃል የማይወጣ አለ። ጫት ቤት የሚውል አለ። እናቶች ይዘዋቸው ይመጡና «ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ጋ ይዋልልኝ» ይሉኛል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ግቢያችሁ ውስጥ እንስሳ ካለና የጨነቀው ልጅ ካወቃችሁ እንዲህ ጀምሩ።

እንስሳውን ምረጡ። ረጋ ያለ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ሰው የለመደ ይሁን። ከሁለቱ ፈረሶቼ ቦራው ይናከሳል፤ ልጅ አላስጠጋበትም። ዳማው ግን ሕፃን በሆዱ ሥር ቢያልፍ ንቅንቅ አይልም። ፈረስ ከሌላችሁ አህያም፣ ፍየልም፣ ዶሮም ይሆናል። ዋናው ነገር ልጁ ሲቀር የሚርበው፣ የሚጠማው እንስሳ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አታስጋልቡት። ምን እንደሆነም አትጠይቁት። «ምን ሆነህ ነው?» የሚለውን ከቤትም ከትምህርት ቤትም ሰምቶ ጠግቦታል። ጀሪካን ስጡትና ውሃ ይቅዳ። ፈረሱ ሲጠጣ አጠገቡ ይቁም። እናንተ ራቅ ብላችሁ ሥራችሁን ሥሩ።

ከዚያ አቀራረቡን አሳዩት። ፈረስ ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ያያል፤ ከጭራው ኋላና ከግንባሩ ፊት ለፊት በጣም ቀርቦ ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ በግራ ትከሻው በኩል፣ ድምፅ እያሰማ፣ ቀስ ብሎ ይጠጋ። ተናዶ ከገባ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል። ልጁ ቆም ብሎ ሲተነፍስ ጆሮው ይመለሳል። ዱላ የጠገበ ልጅ ምክርም ዱላ ይመስለዋል። የፈረስ ጆሮ ግን አይሰድበውም፤ ነገ ሲመጣም ቂም ይዞ አይጠብቀውም።

ቀጥሎ ኮቴ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ልጁ እጁን ከፈረሱ ትከሻ ጀምሮ በእግሩ ላይ እያንሸራተተ ይውረድ። ከኮቴው ከፍ ብሎ ያለውን አንጓ ጫን ሲያደርገው የለመደ ፈረስ እግሩን ያነሳል። በደነዘ መጥረጊያ ብረት ከተረከዙ ወደ ፊት ይጥረግ። መሃል ላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ሥጋ ግን እንዳይወጋው።

አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበረኝ። አምስት ቀን ሙሉ እጁ የዳማው ትከሻ ላይ እየደረሰ ይመለስ ነበር። ይንቀጠቀጣል። ዝም አልኩት። በስድስተኛው ቀን ዳማው ራሱ እግሩን አንስቶ ሰጠው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አሳረፈውና ጭቃውን ይጠርግ ጀመር። ድንገት ቀና አለ። መዳፉ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጠጠር ይዟል። «ጋሼ፣ ይኼን ይዞ ነው ሲሄድ የዋለው?» አለኝ። እኔ ቤት ከመጣ የተናገረው የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይኼ ነው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩን አንኳኳ።

ልቡ ቶሎ ቶሎ ለሚመታበት ልጅ ደግሞ የፈረሱን የልብ ምት አስቆጥሩት። ከመንጋጋው ሥር በውስጥ በኩል ደም ሥሩን በጣቱ ይፈልግ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ያረፈ ሰው ከ60 እስከ 100። ምቱን ለማግኘት መረጋጋት ግድ ነው። ካልተረጋጋ ጣቱ ሥር ምንም አያገኝም።

ኮቴና ምት ከለመደ በኋላ ሥልጣን ስጡት። ይኼን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ያ ልጅ አንድ ጠዋት የዳማውን ደረት ዳብሶ «ማሰሪያው ልጦታል፤ ዛሬ ባይጫን» አለኝ። የሲሚንቶ ጭነት ተቀብዬ ነበር። ስልክ ደውዬ ሰረዝኩ። የዕለት ገቢዬ ሄደ፤ ግን የልጁ ቃል መሬት እንዲወድቅ አልፈለግኩም። ቁስሉ አልድን ሲል እዚሁ ቢሾፍቱ ወዳለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወሰድነው። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደበላ ለሐኪሙ ያስረዳው እሱ ነው። እኔ ገመድ ይዤ ቆምኩ።

የፈረሱን ስምም ልጁ ያውጣ። በእኛ አገር ሰው በፈረሱ ይጠራ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ልጁ ዳማውን «ታገስ» አለው። ጓደኞቹ «አባ ታገስ» ይሉት ጀመር። ከዚያ በፊት ሰፈሩ የሚያውቀው «ዱርዬው» በሚል ነበር።

ጥንቃቄውን ልንገራችሁ። ሽፍን ጫማ ያድርግ። ገመድ እጁ ላይ አይጠምጥም። ከሦስት ልጅ በላይ በአንድ ጊዜ አትያዙ። እንስሳውን ከመታ አትጩኹ፤ ገመዱን ተቀበሉትና «ነገ ና» በሉት። «ሁለተኛ እንዳትመጣ» ግን በፍጹም አይባልም። ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሥራ ከሠራላችሁም ክፈሉት፤ በነፃ አትገልግሉበት።

«መኖር አልፈልግም» ካለ ወይም ራሱን ከጎዳ ደግሞ ጉዳዩን ለፈረስ አትተዉት። ብቻውን አትተዉት፤ ከቤተሰቡ ጋር በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሱት። እኔ አንዱን ልጅ ይዤ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ሄጃለሁ። መድኃኒቱንም ጀመረ፤ ጋጣውንም አላቋረጠም።

እንስሳው የሚሸጥበት ቀን ከመጣ ደግሞ ልጁ ባዶ ጋጣ አይጠብቀው። ከሳምንታት በፊት ንገሩት። አዲሱ ባለቤት ግቢ ድረስ እሱ እየሳበ ይውሰደው። የትኛውን እግር ማስነካት እንደማይወድ፣ ጋማውን የቱ ጋ ሲያኩት ደስ እንደሚለው ይንገራቸው። ገመዱንም እሱ በእጁ ያስረክብ።