ሰርቨርና ሳን አልገናኝ ሲሉ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ከሚሴ፣ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ከምንም በላይ የሚያስደነግጠው «ዲስኩ የለም» የሚል ስልክ ነው። እንዲህ ሲባል ገመድ መነቃቀል ከመጀመራችሁ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንደቆመ እወቁ። ሳን ማለት ሰርቨሮች የጋራ ስቶሬጅ ላይ ያለ ዲስክ የሚጠቀሙበት ኔትወርክ ነው፤ እሱን ለመረዳት ሦስት ቃል ይበቃል። ዲስክ የሚጠይቀው ሰርቨር ኢኒሼተር ነው። ዲስክ የሚሰጠው ስቶሬጅ ታርጌት ነው። ከስቶሬጁ ተቆርጦ ለሰርቨሩ የሚደርሰው ድርሻ ደግሞ ለን ይባላል። ሁለቱን በተራ የኤተርኔት ኔትወርክ የሚያገናኛቸው አይስካዚ ነው፤ የዲስኩን ትዕዛዝ በቲሲፒ ጠቅልሎ በፖርት 3260 ይልካል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲስኩ ጠፋ

እኛ ጋ ይሄ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሰርቨሩ ከስቶሬጁ ቀድሞ ይነሳና ታርጌቱን ፈልጎ ያጣዋል፣ ከዚያ ይተወዋል። መጀመሪያ ስዊቹን፣ ቀጥሎ ስቶሬጁን፣ እሱ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ሰርቨሩን አብሩ። ግንኙነቱ ከሪስታርት በኋላ በራሱ እንዲመለስም ኢኒሼተሩ ላይ አስተካክሉት።

ታርጌቱ ይታያል፣ ለኑ ግን የለም

እዚህ ላይ ኔትወርኩን አትውቀሱት፣ ሥራውን ሠርቷል። ስቶሬጁ ለኑን የሚሰጠው ለሚያውቀው ስም ብቻ ነው፤ ያ ስም አይኪውኤን ይባላል። ዊንዶውስ ላይ ካልቀየራችሁት በስተቀር የኮምፒውተሩ ስም አይኪውኤኑ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ ስለዚህ አንድ ሰው የሰርቨሩን ስም ቀይሮ ወይም ዶሜን ውስጥ አስገብቶት ከሄደ ስቶሬጁ ያንን ሰርቨር እንደ እንግዳ ያየዋል። አዲሱን አይኪውኤን ኮፒ አድርጋችሁ ስቶሬጁ ላይ መዝግቡት።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ተቃራኒው አለ። ሰርቨሩን ክሎን ስታደርጉ አይኪውኤኑም አብሮ ይገለበጣል። ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ስም ገብተው አንድ ለን ላይ ሲጽፉ፣ የክላስተር ፋይል ሲስተም (ብዙ ሰርቨር አንድ ዲስክ ላይ ሲጽፍ የሚያስማማ) ከሌለ፣ ዳታው ይበላሻል። ለክሎኑ አዲስ ስም ሳትሰጡት አታገናኙት።

አንድ ነገር አደራ። ለኑ ተመልሶ ሲመጣ ዊንዶውስ «ኢኒሻላይዝ ይደረግ?» ብሎ፣ ማለትም ዲስኩን እንደ አዲስ ባዶ ዲስክ ላዘጋጀው ወይ ብሎ ከጠየቀ እሺ እንዳትሉ! ዳታ ያለበት ዲስክ ይህን መጠየቅ የለበትም፤ ወይ የተሳሳተ ለን ሰጥታችኋል፣ ወይ ዲስኩ ላይ ችግር አለ። እዚያ ውስጥ የሰው ደሞዝ ወይም የተማሪ ውጤት ሊኖር ይችላል።

ሁሉም ይሠራል፣ ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ግን ቀጥ ይላል

ይሄ ሰው የሚያደክም ችግር ነው፣ ምክንያቱም ፒንግ ያልፋል፣ ሎግኢን ያልፋል፣ ትንንሽ ፋይልም ያልፋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ኤምቲዩ፣ ማለትም በአንዴ የሚያልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን በባይት፣ ነው። ሰርቨሩና ስቶሬጁ 9000 ሆነው መሃል ያለው ስዊች 1500 ላይ ከቀረ ትልልቁ ፓኬት እዚያው ይወድቃል። ለማረጋገጥ «አይቆራረጥ» የሚለውን ምርጫ ጨምራችሁ በ8972 ባይት ፒንግ አድርጉ። ቁጥሩ የመጣው ከ9000 ላይ 20 የአይፒ፣ 8 ደግሞ የአይሲኤምፒ ሄደር ሲቀነስ ነው። ካላለፈ ስዊቹ ላይ ጃምቦ ፍሬም (ከ1500 በላይ የሆነ ፓኬት ማሳለፍ) ክፈቱ፤ ስዊቹ የእናንተ ካልሆነ ሁሉንም ወደ 1500 መልሱት። ትንሽ ፍጥነት ቢቀንስ ይሻላል እንጂ ግማሽ ጎዳና ላይ 9000 ማድረግ ጣጣ ነው።

ሁለት ሳኖች በሩቅ ተገናኝተው ኮፒው ይንቀራፈፋል

ስቶሬጁ ፋይበር ቻናል በሚባለው የስቶሬጅ ኔትወርክ የሚሠራ ከሆነ አይፒ አያውቅም፤ መሣሪያዎቹ የሚለዩት ደብሊው ደብሊው ኤን በሚባል ቁጥር ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሳኖችን በአይፒ መስመር የሚያገናኘው ዋሻ ኤፍሲአይፒ ይባላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በኪሎ ሜትር 5 ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልሱ ሩብ ሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚህ ርቀቱን ተዉትና መስመሩ ላይ ፓኬት እየጠፋ እንደሆነ እዩ። አዲስ አበባ ከሆነ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ዲስኩ የሚጻፍ እያንዳንዱ ዳታ መልስ ለማግኘት ቢያንስ 4 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ኮፒውን አሲንክሮነስ አድርጉት፤ ማለትም ሰርቨሩ የሩቁን መልስ ሳይጠብቅ ይቀጥል።