የመኪና ቃላትን አስተካክሎ ለመጻፍ

አዳማ በጅቡቲ መስመር ላይ ያለች የከባድ መኪና ከተማ በመሆኗ የጋራዥ ቃላት ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሯችን ውስጥ ናቸው፤ በስልክ ስንጽፋቸው ግን ይደበላለቁብናል። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ መኪናው አልነሳ ብትለው፣ አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ «ከሶማሌ ተራ ዲናሞ ግዛልኝ» ብሎ ጻፈለት። ዕቃው ተገዝቶ ደረሰ፤ መካኒኩ ፈትቶ ሲያየው ግን የተቃጠለው ሞተሪኖው ነበር። ስለዚህ የዕቃውን ስም ከመጻፍዎ በፊት ሥራውን ያስቡ፦ ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲሆን፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው።

ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እና ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ከጣልያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው። ሻጩም መካኒኩም የሚያውቃቸው በዚህ ስማቸው ስለሆነ በሌላ መተካት አያስፈልግም፤ ሆኖም አንዱ «ፍርስዮን»፣ ሌላው «ፊሪሲዎን» እያለ ከጻፈ ዕቃውን በስሙ ፈልጎ ማግኘት ስለሚያስቸግር አንዱን አጻጻፍ መርጦ መጽናት ይገባል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚሳሳቱበት የጎማ ቁጥር ነው። ጎማው ጎን ላይ 195/65 አር 15 የሚል ቢያነቡ፣ 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይገልጻል፤ 15 ደግሞ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። ብዙዎች «አር»ን ራዲየስ ብለው ይተረጉሙታል፤ ትርጉሙ ግን ራዲያል፣ ማለትም የጎማው ውስጣዊ ክሮች የተዘረጉበት መንገድ ነው። «15 ጎማ እፈልጋለሁ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የቸርኬውን ልክ ብቻ ስለተናገረ ስፋቱንና ከፍታውን መጨመር አለበት።

«የተጠቀመ መኪና» የሚለውም መታረም አለበት፤ የተጠቀመው ባለቤቱ ስለሆነ መኪናው «ያገለገለ» ይባላል። የነዳጅ ፍጆታም «በሊትር 15 ኪሎ ሜትር» ተብሎ ይጻፋል፤ ተገልብጦ «በኪሎ ሜትር 15 ሊትር» ከተባለ የትኛውም የቤት መኪና የማይጠጣው ነዳጅ ይሆናል። በፊደል ረገድ «ኃይል» እና «ዓመት» የግዕዝ አጻጻፋቸውን ቢጠብቁ መልካም ነው፤ «ሰርቪስ» ግን የውጭ ቃል ስለሆነ «ሠ»ን የሚሻበት ምክንያት የለም።

ዓመተ ምሕረት ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ፤ እኔም አጥብቄ የምለምነው ይህንን ነው። «2010 ኮሮላ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ አንዱ አንባቢ በአውሮፓውያን፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ይረዳዋል፤ በመካከሉ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። የሞዴሉን ዓመት «እ.ኤ.አ. 2010»፣ መኪናው ታርጋ ያወጣበትን ደግሞ «2010 ዓ.ም.» ብለው ለየብቻ ይጻፉ።